መልቲፕል ስክለሮሲስና የማስታወስ ችሎታ መድከም፤ አጭር የታሪክ ጥናት

የሕክምና ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው አዲስ ነገር እንዴት እንደ ተገኘ ነው። አንድ ጊዜ የታወቀ ነገር እንዴት ተመልሶ እንደሚረሳ ግን ብዙ አይነገርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መልቲፕል ስክለሮሲስ በተባለው በሽታ የተያዙ ሰዎች የሚደርስባቸው የማስታወስና የማሰብ ችግር በ19ኛው መቶ ዓመት ታይቶ ሳለ፥ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ለምን ችላ እንደ ተባለ መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፈዋል።

አስቀድሞ የበሽታውን ጠባይ ማስረዳት ይገባል። የኤሌክትሪክ ሽቦ በላስቲክ እንደሚሸፈን ሁሉ፥ መልእክት የሚያመላልሱት የነርቭ ክሮችም ማየሊን በሚባል ስብ የበዛበት ልባስ የተሸፈኑ ናቸው። ሰውነትን ከተውሳክ ሊጠብቅ የሚገባው የመከላከያ ኃይል ይህን ልባስ እንደ ጠላት ቈጥሮ ሲያጠቃው መልእክቱ ይዘገያል ወይም ይቋረጣል። ቁስሉ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር በልዩ ልዩ ስፍራ ስለሚበተን፥ አንዱ ሕመምተኛ ዓይኑ ይፈዝበታል፤ ሌላው እግሩ ይከብደዋል፤ ሌላው ደግሞ ትናንት የተነገረውን ይረሳል።

ይህን በሽታ ከሌሎች የነርቭ በሽታዎች ለይቶ በሚገባ የገለጠው በፓሪስ ከተማ በሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ያስተምር የነበረው ዣን ማርቲን ሻርኮ ሲሆን፥ ጊዜውም 1868 ነበር። ሻርኮ የሕመምተኞቹን የእጅ መንቀጥቀጥ፥ የዓይን መዋለልና የንግግር መቆራረጥ መዘገበ፤ የሞቱትንም አንጎል እየመረመረ ጠባሳውን አሳየ። ከዚህም ጋር የማስታወስ ችሎታቸው በግልጥ እንደሚደክምና ሐሳባቸው በዝግታ እንደሚሠራ ለተማሪዎቹ አስተማረ። እንግዲህ ነገሩ ከመጀመሪያው አልተሰወረም ነበር። ታዲያ ለምን ተረሳ? ሦስት ምክንያቶች ይታያሉ።

አንደኛው ምክንያት የመመርመሪያው መንገድ ነው። በ1926 በሎንዶን ኮትረልና ዊልሰን የተባሉ ሐኪሞች 100 ሕመምተኞችን መርምረው፥ በእነዚህ ሰዎች ላይ ጎልቶ የሚታየው የስሜት መለወጥ፥ በተለይም ከሕመሙ ጋር የማይስማማ ደስታ ነው እንጂ፥ የማሰብ ችሎታ ጉዳት እጅግ ጥቂት ነው አሉ። ይህም አስተያየት ብዙ ዘመን ጸንቶ ኖረ። ዛሬ እንደሚታወቀው ግን በዚህ በሽታ የቋንቋ ችሎታና የጥንት ነገር ትዝታ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ሆነው ይቆያሉ። ሕመምተኛው ስለ ልጅነቱ አሳምሮ ያወራል፤ ለተጠየቀውም ተገቢ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ በአልጋው አጠገብ ቆሞ የሚያነጋግረው ሐኪም ጉድለቱን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት የበሽታው ሥር አለመታወቁ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ጀርመናዊው ሊቅ ፓውል ኤርሊክ ሰውነት በራሱ ላይ መርዝ ከማውጣት እንደሚሸሽ አስተምሮ ነበር፤ ብዙዎችም ሰውነት ራሱን አያጠቃም ማለቱ ነው ብለው ተቀበሉት። በ1933 በኒው ዮርክ በሮክፌለር ተቋም ቶማስ ሪቨርስና ጓደኞቹ የጤነኛ ጥንቸል አንጎል ለጦጣዎች ደጋግመው በመርፌ ቢሰጡ፥ በአንዳንዶቹ ጦጣዎች አንጎል ማየሊን ተገፎ ተገኘ። ይህ ሙከራ ሰውነት የራሱን አንጎል ሊያጠቃ እንደሚችል መንገድ ከፈተ። ይሁን እንጂ ሐሳቡ ሥር እስኪሰድ ድረስ፥ አካሉ ላይ ምልክት ያልታየበት ሕመምተኛ፥ ይልቁንም ሴት ከሆነች፥ ሂስቴሪያ ነው ተብሎ መሸኘቱ የተለመደ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት የመለኪያው ዓይነት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኩርትዝኪ በ1955 ያወጣውና በ1983 ያሻሻለው ከ0 እስከ 10 የሚደርስ መለኪያ በዓለም ሁሉ ሥራ ላይ ውሏል። ይህ መለኪያ የአእምሮን ነገር ጨርሶ አልተወም፤ ነገር ግን ከመካከሉ ጀምሮ ደረጃው የሚወሰነው በአብዛኛው ሕመምተኛው ምን ያህል ርቀት መራመድ እንደሚችል በማየት ነው። በዚህ ሚዛን በደኅና የሚራመድ ሰው ብዙ የተጎዳ መስሎ አይታይም፤ ሒሳቡ ቢጠፋበትና ቀጠሮውን ቢዘነጋም።

ነገሩ በቁጥር የተረጋገጠው በ1991 ነው። በአሜሪካ ስቴፈን ራኦና ባልደረቦቹ 100 ሕመምተኞችንና በዕድሜ፥ በጾታና በትምህርት ከእነርሱ ጋር የሚመሳሰሉ 100 ጤነኞችን በብዙ ፈተናዎች አወዳደሩ። ከሕመምተኞቹ 48ቱ፥ ከጤነኞቹ ግን 5ቱ ብቻ ጉድለት ተገኘባቸው። ይበልጥ የተጎዱትም የቅርብ ጊዜ ትዝታ፥ ሐሳብን ሰብስቦ መቆየትና ቃላትን በፍጥነት ማውጣት ነበሩ። ጉድለቱ ከአካል ድካም ጋር ያለው ዝምድና ደካማ ሆኖ ተገኘ፤ እግሩ የበረታ ሁሉ አሳቡ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ሌላው ጥናታቸው ደግሞ፥ አካላቸው በእኩል የተጎዳ ሕመምተኞች ቢሆኑም እንኳ፥ የማሰብ ችግር ያለባቸው በሥራ ላይ የመገኘታቸውና ከሰው ጋር የመዋላቸው ነገር አነስተኛ መሆኑን አሳየ። እንዲህ ያለው ሰው በመሥሪያ ቤት ሰነፍ፥ በቤተ ሰቡ ዘንድ ግድ የለሽ ሊባል ይችላል፤ በሽታው ግን አንጎሉ ውስጥ ነው።

ዛሬ ለማጣራት ከሚያገለግሉት ፈተናዎች አንዱ እጅግ ቀላል ነው። ዘጠኝ ምልክቶች እያንዳንዳቸው ከአንድ ቁጥር ጋር ተጣምረው ይቀርባሉ፤ ሕመምተኛውም በ90 ሰኮንድ ውስጥ የተቻለውን ያህል ምልክት እያየ ቁጥሩን ይናገራል። በ2018 በአሜሪካ የወጣ የባለሙያዎች ምክር ይህ ወይም ይህን የመሰለ ምርመራ ገና ከመጀመሪያው እንዲደረግና በየዓመቱ እንዲደገም አሳስቧል። እርግጥ ነው፥ ድካምና የመንፈስ ጭንቀትም አሳብን ያዘገያሉ፤ ስለዚህ የአንድ ፈተና ውጤት ብቻውን ፍርድ ሊሆን አይገባውም። የማስታወስ ልምምድ አንዳንዶችን ይረዳል፤ የጠፋውን ሁሉ የሚመልስ መድኃኒት ግን አልተገኘም።

ከሻርኮ ትምህርት እስከ ራኦ ቆጠራ 123 ዓመት አልፏል። በዚህ ዘመን ሁሉ ሕመምተኞቹ መርሳታቸውን አላቋረጡም፤ የተቋረጠው የሐኪሞቹ ምዝገባ ነው። የተመለከትናቸው ሐኪሞች ሰነፎች ወይም ክፉዎች አልነበሩም፤ ሚዛናቸው የያዘላቸውን መዘኑ፥ ያልያዘውን እንደሌለ ቈጠሩት። ስለዚህ የድሮ የሕክምና መዝገብ የሚመረምር ተማሪ፥ በመዝገቡ ከተጻፈው ጋር የመመርመሪያው መንገድ ሊያሳይ የማይችለው ምን እንደ ነበረ አብሮ ቢጠይቅ መልካም ነው።