በአሜሪካ ሸንጎዎች ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ የሆነው ነገር

በዘመነ ዮሐንስ፣ በ1992 ዓመተ ምሕረት፣ ታኅሣሥ 10 ቀን፣ ቬርሞንት በምትባለው ትንሽ የአሜሪካ ግዛት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ፍርድ ሰጡ። በፍርዳቸውም ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች አብረው ቢኖሩ፣ ለባልና ሚስት ከተሰጠው የሕግ ጥቅም እንዳይከለከሉ አዘዙ፤ አፈጻጸሙን ግን ለሸንጎው ተዉት። ጭንቁም ከዳኞቹ ወጥቶ በሕግ መምሪያውና በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ላይ ወደቀ። የቀደሙት ጸሐፊዎች በዜና መዋዕል የንጉሥን ዘመቻና ሹመት ይጽፉ ነበር። በዚህ ታሪክ ንጉሥ የለም፤ የሚያዝዘው የእጅ ቁጥር ነው። ዘመኑንም የምንቆጥረው በአገራችን አቆጣጠር ነው።

የቬርሞንት ሸንጎም ነገሩን ጋብቻ ብሎ ለመጥራት አልደፈረም። ሲቪል ዩኒየን የሚባል አዲስ ሥርዓት አቆመ። አገረ ገዥው ሐዋርድ ዲን ሚያዝያ 18 ቀን በር ዘግተው፣ ያለ ሥነ ሥርዓት ፈረሙ። ሕዝቡም ተከፈለ። በየመንገዱ ዳርና በየጎተራው ግድግዳ ላይ ቬርሞንትን እናስመልስ የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ዲን በምርጫው ቅስቀሳ ጥይት የማይበሳው ሰደርያ ከልብሳቸው ሥር አድርገው ዞሩ። እርሳቸውስ ከግማሽ ጥቂት በሚበልጥ ድምፅ ተረፉ፤ ሕጉን የደገፉ ብዙ እንደራሴዎች ግን ወንበራቸውን አጡ፤ የሕግ መምሪያው ምክር ቤትም ለሪፐብሊካኖች ሆነ።

ከዚህ በኋላ በ1996 ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር 8 ቀን፣ የማሳቹሴትስ ዳኞች ጋብቻውን በስሙ ፈቀዱ። የተቃወሙትም ሕገ መንግሥቱን አሻሽለው ሊሽሩት ተነሡ። በዚያች ግዛት ሥርዓት እንዲህ ያለው ማሻሻያ ወደ ሕዝብ እንዲደርስ ከ200 እንደራሴዎች 50ው ብቻ ቢደግፉት ይበቃል፤ ነገር ግን በተከታታይ ሁለት ሸንጎ ማለፍ አለበት። ታኅሣሥ 24 ቀን 1999 ዓ.ም. 62 ድምፅ አገኘና አንደኛውን በር አለፈ። አዲሱ አገረ ገዥ ዴቫል ፓትሪክና የሁለቱ ምክር ቤቶች አፈ ጉባኤዎች እንደራሴዎቹን አንድ በአንድ እየጠሩ ያግባቡ ጀመር። ሰኔ 7 ቀን ድምፁ ሲቆጠር 45 ሆነ። ማሻሻያው በአምስት ሰው ጎድሎ ወደቀ።

የካሊፎርኒያንም ነገር እንናገር። በ1997 ዓ.ም.፣ ጳጉሜን 1 ቀን፣ የካሊፎርኒያ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ጋብቻውን የሚፈቅደውን ሕግ በ41 ድምፅ ለ35 አሳለፈ፤ የሕግ መወሰኛውም አስቀድሞ አጽድቆት ነበር። ዳኛ ሳያዝዘው በገዛ ፈቃዱ ይህን ያደረገ የአሜሪካ ሸንጎ ከዚያ በፊት አልነበረም። አገረ ገዥው አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ግን መስከረም 19 ቀን 1998 ዓ.ም. አልፈርምም ብለው መለሱት፤ ነገሩን ፍርድ ቤት ወይም ሕዝብ ይወስነው አሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በማሳቹሴትስ የነበረው ጩኸት ዳኞች ለምን ይወስናሉ፣ የሕዝብ እንደራሴ ይወስን እንጂ የሚል ነበረ። በካሊፎርኒያ እንደራሴው ሲወስን ደግሞ ዳኛው ይወስን ተባለ። የሚሸሽ ሰው ሁልጊዜ ሌላ በር ያገኛል።

ወደ ቬርሞንት እንመለስ። በዘመነ ማቴዎስ፣ በ2001 ዓመተ ምሕረት፣ ያች ግዛት ዘጠኝ ዓመት የኖረችበትን ሲቪል ዩኒየን ትታ ጋብቻውን በስሙ ልታጸድቅ ተነሣች። አገረ ገዥው ጂም ዳግላስ መጋቢት 28 ቀን ሕጉን መለሱት። የተመለሰ ሕግ የሚጸናው ሁለት ሦስተኛው ሲስማማበት ነው። በማግሥቱ፣ ማክሰኞ፣ የሕግ መወሰኛው 23 ለ5 ሆኖ ጨረሰ። ዓይን ሁሉ ወደ ሕግ መምሪያው ዞረ፤ ከጥቂት ቀን በፊት በዚያ የተገኘው ድምፅ 94 ነበርና አይበቃም። በዚያን ቀን ድምፅ የሰጡት 149 ሲሆኑ የሚያስፈልገው 100 ነበረ። ስም እየተጠራ ድምፅ ተሰጠ። ቀድሞ የተቃወሙ ጥቂቶች ድምፃቸውን ለወጡ። ቁጥሩም 100 ለ49 ሆነ፤ ከተፈለገው አንድም አልተረፈ። ቬርሞንትም ያለ ዳኛ ትእዛዝ፣ የአገረ ገዥዋን እምቢታ አልፋ በሸንጎዋ ድምፅ ብቻ ሕጉን ያጸናች የመጀመሪያዋ ሆነች።

በዚያው ዓመት የሜይን አገረ ገዥ ጆን ባልዳቺ እንዲህ ያለውን ሕግ ሚያዝያ 28 ቀን ፈረሙ፤ የኒው ሃምፕሺር ጆን ሊንች ግንቦት 26 ቀን ፈረሙ። ነገር ግን የሜይን ሕዝብ ጥቅምት 24 ቀን 2002 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ሻረው። ሕጉ አንድ ቀን እንኳ አልሠራም።

አሁን የኒው ዮርክን ዜና በሰፊው እንጻፍ፤ የዚህ ታሪክ ትልቁ ውጊያ እርሱ ነውና። ኅዳር 23 ቀን 2002 ዓ.ም. ሕጉ በሕግ መወሰኛው 38 ለ24 ወድቆ ነበር። ሪፐብሊካኖች በሙሉ ተቃወሙ፤ ስምንት ዲሞክራቶችም አብረዋቸው ቆሙ። አንድሩ ኩሞ አገረ ገዥ ከሆኑ በኋላ ግን ነገሩን የግላቸው አደረጉት። የሕግ መወሰኛው ያን ጊዜ 62 ወንበር ነበረው፤ 32ቱ የሪፐብሊካን፣ 30ው የዲሞክራት ነበሩ። ከዲሞክራቶቹ ሩበን ዲያዝ ብቻ አልሄድም አሉ። እርሳቸው የጴንጤቆስጤ ቄስ ናቸው፤ ከወገኖቻቸው ተነጥለው ብቻቸውን እስከ መጨረሻው ተቃወሙ። ይህንንም ለክብራቸው እንጽፋለን፤ ከወገን መለየት ቀላል አይደለምና።

ስለዚህ ከሪፐብሊካን ወገን ሰው መምጣት ነበረበት። አስቀድመው ጄምስ አሌሲ መጡ፤ ቀጥለው ሮይ ማክዶናልድ። ሌሎቹ ግን የሃይማኖት ተቋማት ጋብቻውን አንፈጽምም ቢሉ እንዳይከሰሱ ዋስትና ይጻፍ ብለው ያዙ። ድርድሩ ብዙ ቀን ፈጀ፤ ዋስትናው ተጻፈ። የሪፐብሊካኑ መሪ ዲን ስኬሎስ ራሳቸው ተቃዋሚ ሆነው ሳለ ሕጉ ለድምፅ እንዲቀርብ ፈቀዱ። ቢከለክሉት ኖሮ ነገሩ በዚያው ይቀር ነበር፤ ለእኔ ከንግግሩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ዝምተኛ ፈቃድ ነው።

በዘመነ ሉቃስ፣ በ2003 ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ 17 ቀን፣ ዓርብ ሌሊት ስቲቨን ሳላንድ ከብዙ ማመንታት በኋላ ድጋፋቸውን ተናገሩ። ማርክ ግሪሳንቲም ተነሡ። እርሳቸው የቡፋሎ ጠበቃና የካቶሊክ ምእመን ሲሆኑ ቀድሞ ተቃዋሚ ነበሩ፤ ለመከልከል የሚያበቃ የሕግ ምክንያት አጣሁ ብለው ድምፃቸውን ሰጡ። 33 ለ29 ሆነ። ኩሞም እኩለ ሌሊት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ፈረሙ። ሕጉ በሠላሳ ቀን የሚጸና ነውና፣ ሐምሌ 17 ቀን እሑድ ቢሆንም የከተማው ጽሕፈት ቤቶች ተከፍተው ሙሽሮችን ተቀበሉ።

ሕጉን የደገፉት የአራቱም ሪፐብሊካኖች ፍጻሜ እንዲህ ሆነ። የኒው ዮርክ ከተማ ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ለምርጫቸው ገንዘብ ሰጧቸው፤ ገንዘቡ ግን ሁሉን አላዳነም። አሌሲ በቀጣዩ ምርጫ አልተወዳደሩም። ማክዶናልድ በገዛ ፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ ተሸነፉ። ሳላንድ ቅድመ ምርጫውን ለጥቂት አልፈው በዋናው ወደቁ፤ ወግ አጥባቂው ተፎካካሪ ድምፁን ስለ ከፈለባቸው ወንበሩን ዲሞክራት ወሰደው። ግሪሳንቲ አንድ ምርጫ ተሻግረው በሁለተኛው ተሸነፉ። ከአራቱ አንድ ስንኳ በወንበሩ አልቆየም።

በ2005 ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት 27 ቀን፣ ሜይን፣ ዋሽንግተንና ከአገራችን የወጡ ብዙዎች የሚኖሩባት ሜሪላንድ በሕዝብ ድምፅ አጸደቁት። ከዚያ በፊት ለሕዝብ በቀረበበት ሁሉ ማለት ይቻላል ተሸንፎ ነበር። ከዚህ በኋላ ሸንጎዎቹ ተከታተሉ፤ ሮድ አይላንድ፣ ዴላዌርና ሚኒሶታ በዚያው ዓመት ጸደይ፣ ኢሊኖይ በጥቅምት፣ ሃዋይ በኅዳር 2006 ዓ.ም.። በሃዋይ ኮሚቴዎቹ አምስት ቀን ሙሉ፣ ከ50 ሰዓት በላይ፣ የሕዝቡን ምስክርነት ሰሙ፤ ተናጋሪው ሁሉ ሁለት ሁለት ደቂቃ ተሰጠው።

በ2007 ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ 19 ቀን፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 ሆኖ በሁሉም ግዛት ፈቀደው። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ በልዩነት ሐሳባቸው ሕዝቡ ይከራከርበት የነበረው ነገር በዳኛ ተዘጋ ብለው ወቀሱ። በ2015 ዓ.ም.፣ ታኅሣሥ 4 ቀን፣ ፕሬዚዳንት ባይደን የፈረሙት ሕግ ደግሞ አንዱ ግዛት በሌላው የተፈጸመውን ጋብቻ እንዲያውቅ ያስገድዳል፤ ፍርዱ ቢሻር ግን ግዛቱ ራሱ እንዲያጋባ አያስገድድም። ስለዚህ ካሊፎርኒያ፣ ኮሎራዶና ሃዋይ በ2017 ዓ.ም.፣ ጥቅምት 26 ቀን፣ በየሕገ መንግሥታቸው የቀረውን አሮጌ ቃል በሕዝብ ድምፅ ፋቁ። ቴክሳስ በ1998 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ በሕገ መንግሥቷ ያስገባችው ክልከላ ግን ባይሠራም እስካሁን አልተፋቀም።