ከማቅረብ ወደ ማስቀረብ፦ ያለ ጠበቃ የሚከራከር ተከሳሽና ምስክሮቹ በኢትዮጵያ የሙግት ታሪክ

(በሞጆ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለነዋሪዎች የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



ንግግሬን በአንድ ትዝታ ልጀምር። ከዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ ጋር በዚህ አካባቢ ከሚገኙ ፍርድ ቤቶች በአንዱ ችሎት ተቀምጠን ነበር። አንድ የጭነት መኪና ረዳት በስርቆት ተከሶ ያለ ጠበቃ ቆሟል። ዳኛው በአስተርጓሚ በኩል የመከላከያ ምስክር እንዳለው ጠየቁት። «አለኝ» አለ። የምስክሩን ስም ሲጠየቅ ሾፌሮች የሚጠሩበትን ቅጽል ስም ተናገረ። አድራሻውን ሲጠየቅ ደግሞ «አድራሻው መንገድ ነው፣ ክቡር ዳኛ፤ ዛሬ ጋላፊ ይሆናል» ብሎ መለሰ። በችሎቱ የነበረው ሰው ሳቀ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ምስክሩ አልተገኘም፤ መከላከያውም በዚያው ታለፈ። ያ ወጣት ጥፋተኛ ይሁን ንጹሕ እኔ አላውቅም። ፍርድ ቤቱም ቢሆን ያንን ለማወቅ ከሚያስችሉት መንገዶች አንዱ ተዘግቶበት ነው የፈረደው። ሳቁን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርሁና።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ስለ ተከሰሱ ሰዎች መብት ሲደነግግ ሁለት ግሦችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ተከሳሹ መከላከያ ማስረጃውን «የማቅረብ ወይም የማስቀረብ» መብት አለው ይላል። ማቅረብ በራስ እጅ ነው፤ ማስቀረብ ግን በሌላ ኃይል፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። በእነዚህ ሁለት ግሦች መካከል ያለው ርቀት የአገራችን የወንጀል ሙግት ታሪክ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ነገር አዋቂው ባላገር

በቀድሞው ዘመን ራስን ወክሎ መከራከር የድኃ ዕጣ አልነበረም፤ የተለመደው ሥርዓት ነበር። ተከራካሪዎች ነጠላቸውን አደግድገው ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ይሟገቱ ነበር። ነገረ ፈጅና ጠበቃ ቢኖሩም አንደበተ ርቱዕ ሰው ነገሩን ለሌላ አሳልፎ መስጠት እንደ ነውር ይቆጥረው ነበር። ውርርዱ በማር፣ በፈረስ፣ በበቅሎ ሲሆን የተረታ ይከፍላል። ዋስ የሌለው ተከሳሽ ከከሳሹ ጋር በቁራኛ ታስሮ እስከ ፍርዱ ቀን አብሮ ይውላል፣ አብሮ ያድራል።

በዚህ ሥርዓት ምስክር «ይቆጠራል»። ምስክር መቁጠር ማለት እገሌና እገሌ ያውቁልኛል ብሎ በስም መጥራት ነው። ተቃራኒው ወገን ደግሞ ጠላቴ ነው፣ ዘመዱ ነው፣ ብሎ ምስክሩን መንቀፍ ይችላል። ፍትሐ ነገሥትም የመጽሐፍ ቅዱሱን ደንብ ተከትሎ ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲጸና ያዝዛል። ሌባው ያልታወቀበት ስርቆት ሲደርስ ደግሞ አውጫጭኝ ይጠራል፤ ያገሩ ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን ያወጣል፤ ነገሩ እስኪገለጥም አይበተንም። ከዚህ ከሞጆ ብዙም ሳንርቅ፣ በዱከም አጠገብ ባለው በኦዳ ነቤ፣ የቱለማ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ ሕግ ይደነግግ ነበር፤ የጃርሱማ ሽማግሌዎችም እስከ ዛሬ ድረስ ነገርን ከሥሩ የሚያዩት ሁለቱንም ወገኖች በሚያውቅ ሰው ፊት ነው።

እነዚህን ሥርዓቶች ማሞገስ አይደለም ዓላማዬ። አውጫጭኝ ንጹሑንም ከሥራው አግዶ ያንገላታል። በሌባ ሻይ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየመራ የሚጠቆመው ሰው ምን መከላከያ ሊያቀርብ ይችላል? አንደበቱ የታሰረ ሰውም በበላ ልበልሃ አደባባይ እውነቱን ይዞ ይረታ ነበር። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ያ ሥርዓት ምስክር ጎረቤት ነው በሚል እምነት ላይ የቆመ ነበር። ምስክሩ ስም ብቻ ሳይሆን አጥር፣ እርሻና ደብር ነበረው፤ ስለዚህ የማስቀረብ ችግር እምብዛም አልነበረም።

የባቡሩ ከተማ

ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በመስመሩ ላይ እንደ ሞጆ ያሉ ከተሞች ሌላ ዓይነት ነዋሪ አገኙ። የጣቢያ ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ የውጭ አገር ዜጋው፣ ዛሬ ታይቶ ነገ የሚሄደው መንገደኛ መጣ። አስቀድሞ በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቆንስል ባለበት እንዲታይ አድርጎ ነበር። በአንድ የባቡር ጣቢያ ላይ ለተጣሉ ሁለት ሰዎች የሙግቱ ደንብ በዜግነታቸው ይለያይ ነበር ማለት ነው። ምስክር ጎረቤት መሆኑ የቀረው በእነዚህ ከተሞች ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አደራጀ። የወንጀል ምርመራም ቀስ በቀስ ከከሳሹና ከአካባቢው ሰው እጅ ወጥቶ ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ተሰጠ። ለውጡ መሠረታዊ ነበር። አንደኛው ወገን ማስረጃ የሚሰበስብለት፣ ደመወዝ የሚከፈለው ተቋም አገኘ። ሌላኛው ወገን ግን እንደ ድሮው ብቻውን ቀረ፤ ያውም ብዙ ጊዜ ታስሮ።

የሕግ አርቃቂዎቹ ይህን ሚዛን አላጡትም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ በአሜሪካዊው አማካሪ በጆን ስፔንሰር ተሳትፎ የተዘጋጀው ማለት ነው፣ በአንቀጽ 52 አንድ ትልቅ ቃል ገባ። ተከሳሹ የሚጠቅሙት ምስክሮች በሕግ ተገድደው፣ በመንግሥት ወጪ እንዲቀርቡለት ፈቀደ፤ ጠበቃ ለማቆም አቅም ያነሰውም ፍርድ ቤቱ እንዲያቆምለት ደነገገ። የዚህ ድንጋጌ ዘመድ በ1791 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 6ኛ ማሻሻያ ነው። የእኛው ግን «በመንግሥት ወጪ» የሚለውን በግልጽ ጨመረ። የመንገድ ዋጋ መብትን እንደሚበላ የተረዳ ሰው የጻፈው ይመስላል።

የ1954 ሕግ እና ባዶው ወንበር

በ1954 ዓ.ም. የወጣውና የእንግሊዛዊው ሰር ቻርለስ ማቲው እጅ ያለበት የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለዚህ ቃል መፈጸሚያ መንገድ አበጀ። በአንቀጽ 124 ዐቃቤ ሕጉም ተከሳሹም የምስክሮቻቸውን ዝርዝር ለሬጅስትራሩ ይሰጣሉ፤ መጥሪያውን የሚያወጣው ሬጅስትራሩ ነው። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ካላስከሰሰ በአንቀጽ 141 ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይለቀቃል። የሚያስከስስ ሆኖ ከተገኘ በአንቀጽ 142 ፍርድ ቤቱ መልሱን የመናገርና ምስክር የመጥራት መብት እንዳለው ለተከሳሹ ያስረዳዋል። ተከሳሹ ቃሉን ከሰጠ ከምስክሮቹ በፊት ይናገራል፤ በቃሉም ላይ መስቀለኛ ጥያቄ አይቀርብበትም።

ጠበቃ ለሌለው ሰው ሁለት ድንጋጌዎች ልዩ ዋጋ አላቸው። አንቀጽ 140 መስቀለኛ ጥያቄ አለመጠየቅ የምስክሩን ቃል እንደ ማመን አይቆጠርም ይላል። መጠየቅ ስላልቻለበት ዝም ያለ ባላገር ዝምታው አያስፈርድበትም ማለት ነው። አንቀጽ 143 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ለፍትሕ አስፈላጊ ነው ብሎ ያመነበትን ምስክር፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ፍርድ ከመስጠቱ በፊት እንዲጠራ ሥልጣን ይሰጠዋል። በእኔ አስተያየት ራሱን ለሚከላከል ሰው ከሕጉ ሁሉ ትልቁ ተስፋ ይህ አንቀጽ ነው፤ ዳኛው ከመሐል ዳኝነት ሳይወጣ እውነትን ሊፈልግ የሚችለው በዚህ በር ነውና።

ይሁን እንጂ ሕጉ የመጥሪያውን ወረቀት እንጂ ምስክሩን የሚያፈላልግ ሰው አላበጀም። ፖሊስ የሚመረምረው ክሱን ለማስረዳት ነው። በእስር ያለ ተከሳሽ ዓይነ ምስክሩን የሚፈልግለት ሚስቱ፣ ወንድሙ ወይም ጓደኛው ነው። እነርሱ ደግሞ ስለ ነገሩ አነጋግረው ምስክሩን እንዲመጣ ቢለምኑት፣ ቃል አስጠንተዋል ተብለው እንዳይከሰሱ ይፈራሉ። መለመንና ማስጠናት የተለያዩ መሆናቸውን የሚነግራቸው ግን የለም።

የጠበቃው ጉዳይ የተነሣው ዘግይቶ ነው። በታኅሣሥ 1987 የተጀመረው የደርግ ባለሥልጣናት ክስ ለብዙ ተከሳሾች በመንግሥት ወጪ ተከላካይ ጠበቃ ማቆምን ግድ አለ። በኅዳር 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 5 የመንግሥት ጠበቃን ፍትሕ ሊጓደል ከሚችልበት ሁኔታ ጋር አያይዞ ደነገገው። ከ1948ቱ ጋር ስናነጻጽረው «በመንግሥት ወጪ» የሚለው ሐረግ ለጠበቃና ለአስተርጓሚ ሲቀር ለምስክሮች አልተደገመም። በዚህ መካከል ያለው ዝምታ ለጥናት የሚገባ ርእስ ይመስለኛል፤ ለተማሪዎቼ አደራ እላለሁ።

መጥሪያ ብቻውን ሰው እንደማያመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። የአዳማ ነዋሪ የሆኑት አቶ በቀለ ገርባ በታኅሣሥ 2008 ተይዘው በተከሰሱበት መዝገብ፣ ተከሳሾቹ ከመከላከያ ምስክሮቻቸው መካከል የወቅቱን የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት አቶ ለማ መገርሳን ቆጥረው ነበር። ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ሰጠ፤ ምስክሩ ግን ሳይቀርቡ ክሱ ተቋርጦ አቶ በቀለ በየካቲት 2010 ተፈቱ። እነዚህ ተከሳሾች ጠበቃ ነበራቸው፤ አገርም ዓለምም ይከታተላቸው ነበር። ለእነርሱ ያልመጣ ምስክር ለመኪና ረዳቱ እንዴት ይመጣል?

ዛሬ በሞጆ

ሞጆ ዛሬ ደረቅ ወደብ ናት። የጅቡቲው፣ የሐዋሳውና የአዲስ አበባው መንገድ እዚህ ይገናኛል። እዚህ የሚከሰሰው ሰው ከትግራይ፣ ከወላይታ ወይም ከጎንደር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የፍርድ ቤቱ ሥራ ቋንቋ ግን አፋን ኦሮሞ ነው። አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ የማግኘት መብቱ ተጽፏል። ምስክሩ ግን ምናልባት ኮንቴይነር ጭኖ በሌላ መንገድ ላይ ነው።

ስለዚህ ታሪኩ ለተግባር የሚያስተምረን ነገር አለ። ተከሳሹ ስሙን ብቻ ሳይሆን የምስክሩን ሙሉ ስም፣ የሚሠራበትን ድርጅትና ስልኩን ገና ክሱ እንደ ደረሰው ይያዝ። ለእያንዳንዱ ምስክር ምን እንደሚያስረዳለት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። በሌላ እጅ ያለ ሰነድ ከሆነ፣ የወደብ መውጫ ወረቀትም ይሁን የሆቴል መዝገብ፣ አምጡልኝ ሳይሆን ፍርድ ቤቱ ያስቀርብልኝ ብሎ ያመልክት። ምስክሩ ቢቀር መጥሪያው እንደ ደረሰውና ለምን እንደሚያስፈልግ አስመዝግቦ ሌላ ቀጠሮ ይጠይቅ። ይህን ሁሉ ለተከሳሽ ማስረዳት የሕግ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው፤ ከዚህ አዳራሽ ውስጥም የሚጀምረው ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል።

አባቶቻችን ምስክር ሲቆጥሩ በእርግጠኝነት የሚመጣ ሰው ይቆጥሩ ነበር። እኛ ምስክሩን በትእዛዝ የማስቀረብ መብት ጻፍን፤ ምስክሩ ግን ከደብሩ ወጥቶ መንገደኛ ሆነ። መብቱ የሚለካው በመጥሪያው ቁጥር ሳይሆን በምስክሩ ቦታ በሚቀመጠው ሰው ነው። የዚያ ረዳት ምስክር ቦታ ያን ቀን ባዶ ነበር።