ዋልያውና ባላገሩ

በዕረፍት ወራት ከኬንቲሽ ታውን ተነሥቶ ወደ ሌክ ዲስትሪክት የተጓዘ ተማሪ አንድ ነገር ሳያይ አይመለስም፤ ይኸውም በብሔራዊው ፓርክ መካከል የእንግሊዝ ባላገር በጎቹን ሲያግድና የድንጋይ ካቡን ሲጠግን ነው። ፓርኩ በ1951 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲቋቋም ከቀዬህ ተነሣ የተባለ የለም። ዛሬም በወሰኑ ውስጥ ወደ 40,000 የሚጠጋ ሕዝብ ይኖራል።

የእኛው ስሜን ታሪክ ግን ሌላ ነው። በ1963 በእንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ በጁሊያን ሃክስሊ የተመራ የዩኔስኮ ልዑክ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ብሔራዊ ፓርኮች እንዲቋቋሙ መከረ። የስሜን የመጀመሪያው ዋርደንም የዌልሱ ተወላጅ ኒኮል ነበር። በ1969 ፓርኩ በሕግ ሲከለል፣ በክልሉ ውስጥ ገብስ የሚዘራና በግ የሚያረባ ገበሬ ነበረበት። ርስቱ የዋልያ ግጦሽ ይሁን ሲባል ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም።

«መሬት ላራሹ» በ1965 በአዲስ አበባ ከተማሪው አፍ የወጣ፣ በ1975 ደግሞ በዐዋጅ የታወጀ ቃል ነው። ይሁንና ስሜን በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ በሰፈረ ማግሥት፣ ያው ዐዋጁን ያወጀው ወታደራዊ መንግሥት ከሰሜናዊው ተዳፋት ወደ 1,800 የሚጠጋ ባላገር በኃይል አስነሣ። ላራሹ የተባለው መሬት እዚያ ለዋልያና ለጎብኚ ሆነ።

በ1996 ስሜን አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ። ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ በፓርኩ የሚኖረው ሰው ቁጥር እጅግ እንዲቀነስ ነበር። ወሰኑ እንደገና ሲካለል ብዙ መንደሮች ከክልሉ ውጭ ሆኑ፤ ግጭ ግን በመካከሉ ቀረ። በ2016 የግጭ ሰዎች፣ 418 አባወራ ከነቤተሰቡ፣ ወደ 2,500 ነፍስ፣ ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ዳርቻ ተዛወሩ። እርግጥ ነው፣ ዳገቱ ያለ ልክ ታርሶ አፈሩ እየታጠበ ነበር፤ ይህን የሚክድ ተሟጋች የባላገሩን ጉዳይ ራሱ ይጎዳል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሲሆን ውሳኔው የማን ነበር?

አንባቢ የሚቀጥለውን ልብ ይበል። በጁላይ 2017 የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በፖላንድ በክራኮው ከተማ ተሰብስቦ ስሜንን ከአደጋው መዝገብ አወጣ። በዚያው ጉባኤ ሌክ ዲስትሪክትን በቅርስነት መዘገበ፤ ምክንያቱም መልክዐ ምድሩን እረኞቹና እርሻቸው ለዘመናት የቀረጹት ስለሆነ ነው።

በደባርቅ በቅሎ ማከራየት፣ ጓዝ መጫን፣ ጠመንጃ ይዞ ጎብኚን ማጀብ ለጥቂቶች እንጀራ ሆነ። በ2020 ወረርሽኙ፣ ቀጥሎም በሰሜን የተነሣው ጦርነት ጎብኚውን ባስቀሩ ጊዜ ግን በቅሎ አከራዩ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። የግጭም ማሳ አልተመለሰለትም።

ኬንቲሽ ታውን፣ ለንደን