ለዝንብ የደረሰ፣ ለጉልበት ያልደረሰ

አቃቂ ቃሊቲ ሲነሳ ለብዙ ሰው የሚታሰበው ፋብሪካው፣ ጉምሩኩና ወህኒ ቤቱ ነው። እዚያው ቃሊቲ በ2007 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተመረቀው የጋማ ጨረር ማዕከል ግን እምብዛም አይታወስም፤ ተገልጋዮቹ ዝንቦች ስለሆኑ ይሆናል። የቆላ ዝንብ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ከብቱን በገንዲ እየፈጀ ገበሬውን በሬ ሲያሳጣው፣ በ1997 የተጀመረው ፕሮጀክት ወንዱን ዝንብ አራብቶ፣ በጨረር አምክኖ መልቀቅን መረጠ። ሴቷ ባብዛኛው የምትገናኘው አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ የመከነ ወንድ ካገኛት ዘር አትተካም። ዘዴው በዛንዚባሯ ኡንጉጃ ደሴት ተሳክቷል፤ ስምጥ ሸለቆን ግን ባሕር አላጠረውም።

ታዲያ ጨረር ለዝንቡ ሲደርስ ለሰው ቁርጥማት ለምን አልደረሰም? የጀርመን ሐኪሞች የጉልበትና የተረከዝ ሕመምን በአነስተኛ ጨረር ማከም ከጀመሩ መቶ ዓመት አልፏል። አንድ ታካሚ በአንድ የሕክምና ቀን የሚያገኘው ከግማሽ እስከ 1 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው፤ ዝንብ ለማምከን ግን 100 ግሬይ ገደማ ያስፈልጋል። ትንሹ መጠን ሕዋስ ሳይገድል ብግነቱን ያበርዳል ይላሉ። እኛ ዘንድ ምክንያቱ አለማወቅ አይመስለኝም፤ ወረፋ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር፣ የካንሰር ሕመምተኞችም ለወራት ተራ ይጠብቁ ነበር። የማህፀን በር ካንሰር ለገፋባት ሴት ጨረሩን የሚተካላት ሌላ ሲጠፋ፣ ለቁርጥማት ግን ፍልውሃም ክኒንም መርፌም ነበረ።

«መጠኑ ኢምንት፣ ጊዜውም ደቂቃ ነው፤ ማንን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። በብሪታንያ ከ1935 እስከ 1954 አከርካሪያቸው በብግነት የደረቀባቸው ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በጨረር ታክመው፣ ኋላ ሲከታተሏቸው የደም ካንሰር በዝቶባቸው ተገኘ። የያኔው መጠን ከዛሬው እጅግ ስለሚበልጥ በዚህ ብቻ መፍረድ አግባብ አይደለም። ይበልጥ የሚከብደው በ2018 የታተመው የሆላንድ ሙከራ ነው። ጉልበታቸውን ከሚያማቸው ሕመምተኞች ጨረሩን ካገኙት 27 ሰዎች 12ቱ ተሻላቸው፤ ጨረር ሳይለቀቅ መሣሪያው ሥር ከተኙት 28 ሰዎችም የተሻላቸው 12 ነበሩ። እርግጥ እነዚህ መገጣጠሚያቸው ያረጀባቸው እንጂ ሰውነታቸው ራሱን የሚያጠቃባቸው አልነበሩም። ለሁለተኞቹ ግን ብግነቱን ከምንጩ የሚገታ እንደ ሜቶትሬክሴት ያለ መድኃኒት አለ፤ ለጨረር ወረፋ ቢይዙ እንኳ ከፊታቸው የሚቆመው ካንሰር ነው።