ብልቃጥ ፍለጋ ሐረጎን ሲወርዱ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ ወገኖቼ፤ የማወራላችሁ ስለ አንዲት ብልቃጥ ኢንሱሊን ነው፤ እሷን ፍለጋ ከተሁለደሬ ተነስቶ ደሴ ስለ ገባ፣ ከደሴም የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ስለ ወረደ ገበሬና ስለ ልጁ። ስሙን አትጠይቁኝ። የብዙ ሰው ጉዞ በአንድ ሰው እግር የተተረከ ነው በሉት።

ወሩ ነሐሴ ነው። ዶሮ ሲጮህ ተነሱ፤ ከዚያም ልጅቱ የቤቱን ፔርሙዝ በነጠላዋ ጠቅልላ አቀፈች፤ ከዚያም ሐይቅ ላይ ሚኒባስ ይዘው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዙ፤ ደሴ ሲደርሱ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ፣ አስፋልቱ ረጥቦ፣ ሰዉ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይሄዳል። ፔርሙዙ ለቡና አይደለም። ልጅቱ ስኳር አለባት፤ መድኃኒቱ ደግሞ ሙቀት አይወድም፤ እነሱ ቤት ማቀዝቀዣ የለም።

አባትየው በደረት ኪሱ የጤና መድህን ደብተሩን ይዟል። መድህኑ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ለሙከራ ከተመረጡት ጥቂት ወረዳዎች አንዱ ይኸው ተሁለደሬ ነበር፤ ቤተሰቡ በዓመት አንዴ መዋጮውን ይከፍላል፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሲጻፍለትም ሆስፒታል ገብቶ ይታከማል። እኔ በበኩሌ መድህኑን አላማውም፤ በሬውን ሳይሸጥ የዳነበት ስንት ሰው አለ። ገበሬውም ደሴ ሆስፒታል ገብቶ ልጁን አስመረመረ፣ ምንም አልከፈለም፤ ከዚያም መድኃኒት መስጫው መስኮት ጋ ተሰለፈ፤ ተራው ሲደርስ ፋርማሲስቷ ደብተሩን ገለጠች፣ ማህተሙን አየች፣ ቀስ ብላም መልሳ ዘጋችው። «አልቋል አባቴ። ከውጭ ይግዙ።»

እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ መስኮት ላይ ነው፤ ደብተሩ የሚሠራው መደርደሪያው ላይ ዕቃ ሲኖር ነው።

ፒያሳ ወጡ። አንዱ መድኃኒት ቤት የለም አለ፣ ሁለተኛውም የለም አለ፤ ሦስተኛው አለኝ ብሎ ዋጋውን ሲጠራ ገበሬው በልቡ ወደ ፍየል መነዘረውና ዝም አለ፤ አራተኛው ዘንድ የቆመው ወጣት የልጅቱን ፊት አይቶ ስልክ ደወለና «አብሽሩ አባቴ፣ ኮምቦልቻ አንድ ቤት በድሮው ዋጋ የገባ አለ፤ ሳያልቅ ድረሱበት» አላቸው። የድሮው ዋጋ ማለቱ ከምንዛሪው ለውጥ በፊት የነበረውን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላ ከ100 ብር አለፈ፤ መንግሥት ለመድኃኒት ድጎማ አለ ቢልም፣ ብልቃጧ የምትመጣው ከባሕር ማዶ ነው፤ አስመጪው ይጨምራል፣ አከፋፋዩ ይጨምራል፣ ቸርቻሪው ይጨምራል፣ መጨረሻ ላይ የሚቆመው ደግሞ የሚጨምርበት ሰው የሌለው ነው።

ሐረጎን መውረድ ጀመሩ። መንገዱ ሲጠማዘዝ ጊዜ አለንና ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ኢንሱሊን በፈረንጆቹ 1921 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ ተገኘ፤ በ1923 ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የፈጠራ መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አንድ ዶላር ሸጡት፤ ማንም በብቸኝነት እንዳይይዘው ብለው ነው። ከዚያም መቶ ዓመት አለፈና የዓለምን የኢንሱሊን ገበያ አብዛኛውን ሦስት ኩባንያዎች ያዙት፤ ኢላይ ሊሊ፣ ኖቮ ኖርዲስክና ሳኖፊ። ኖቮ ኖርዲስክ በተለይ በማክሳት በታወቁት አዳዲስ መርፌዎቹ ገበያ በ2023 የአክሲዮኖቹ ጠቅላላ ዋጋ ከአገሩ ከዴንማርክ ዓመታዊ ምርት በልጦ ነበር። ሀብታሟ አሜሪካ እንኳ ሕዝቧ ኢንሱሊን እየቆጠበ ሲወጋ ኖሯል፤ ጩኸቱ ሲበዛ ነው በ2023 ኢላይ ሊሊ የተለመዱት ኢንሱሊኖቹን ዋጋ በ70 በመቶ የቀነሰው። ስለዚህ መቀነስ ይቻል ነበር ማለት ነው፤ እዚህ ላይ እኔም እንደ እናንተ እናደዳለሁ።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ጉሙ ጠፍቶ ፀሐይ ወጥታለች፣ ገበሬው ጋቢውን አወለቀ። ብልቃጧ አለች። ሁለት ገዛ፤ ሦስተኛዋን ቢፈልግም ገንዘቡ አልበቃም፤ ባለመድኃኒት ቤቱ በረዶ ጨምሮላቸው ልጅቱ ፔርሙዙን ግጥም አድርጋ ዘጋች። ገበሬው፣ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ሆስፒታልና መድኃኒት ቤት ሲዘረፍ፣ ገንዘብ ይዞም መድኃኒት ያጣ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሁለት ብልቃጥ ብቻ በማግኘቱ አላማረረም።

ያማረረው ጥር ላይ ነው። የመድህን እድሳት ደርሶ የቀበሌው ሰው ተሰበሰበ፤ አንዱ ጎረቤት «ከውጭ ግዛ ለሚለኝ ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ ሊወጣ ተነሳ፤ ገበሬው ግን መዋጮውን ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ከዚያም ከኪሱ የኮምቦልቻውን ደረሰኝ አውጥቶ «ይህንንስ ማን ይመልስልኛል?» አለ። ጸሐፊው ጥያቄውን ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈረው፤ ከዚያም ወደ ማዳበሪያ ዋጋ አጀንዳ አለፉ።