ካሜራ በምን ይሞታል? ከመቅደላ ድንኳን እስከ ጎሮ ፎቶ ቤት

ፎቶ አንሺዎች በተገናኙበት ሁሉ የማይቀር ክርክር አለ። አንዱ ወገን «ዲኤስኤልአር አልቆለታል፤ ሚረርለስ ያልያዘ ከገበያ ይወጣል» ይላል። ሌላው የአሥር ዓመት ካሜራውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ «ይሄ ገና ስንት ሠርግ ያነሳል!» ብሎ ይመልሳል። ዲኤስኤልአር ከሌንሱ ጀርባ መስታወት ያለው ዲጂታል ካሜራ ነው፤ ሚረርለስ ያ መስታወት የለውም።

ክርክሩ እንደ ጎሮ ባሉ የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰፈሮች የራሱ መልክ አለው። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት የጎሮ ሰፊው ክፍል የእርሻ ማሳ ነበር። መኖሪያ ቤቶቹም፣ ሕንፃዎቹም፣ አይሲቲ ፓርኩም የመጡት ዲጂታል ካሜራ ዓለምን በያዘበት ዘመን ነው። ፒያሳ ከጥቁርና ነጭ ፎቶ ጋር ያደገች ሰፈር ናት። ጎሮ ግን ፊልም ሲታጠብ እምብዛም አላየችም። ስለዚህ እዚህ ሰፈር «የድሮ ካሜራ» ሲባል የሚታሰበው ፊልም የሚጎርሰው ሳይሆን፣ ትናንት አዲስ የነበረው ዲኤስኤልአር ነው።

ታሪኩን ወደ ኋላ ለሄደበት ሰው ግን ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ካሜራ በኢትዮጵያ ምድር ከ160 ዓመት በላይ ኖሯል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥም ደጋግሞ «ሞተ» ተብሏል። የእያንዳንዱን አሟሟት ስንመረምር አንድ ነገር ይደጋገማል፤ ካሜራን የሚገድለው የአዲሱ መምጣት ሳይሆን የቀለቡ መቋረጥ ነው።

ድንኳን ያስከተለ ካሜራ

በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲገሰግስ፣ ዝሆን ከተሸከመው መድፍ ሌላ ካሜራም አስከትሎ ነበር። የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች፣ ማለትም የሮያል ኢንጂነርስ ባልደረቦች፣ ካርታና ንድፍ በፎቶ ያባዙ ነበር፤ የመልክዓ ምድሩን፣ የሠፈሩንና የሰዎቹን ምስልም አንስተዋል።

ሥራው ከባድ ነበር። የብርጭቆ ሰሌዳ ላይ ኬሚካል ይቀባል፤ ሰሌዳው ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ይገባል፤ ምስሉ ይነሳል፤ አሁንም ሳይደርቅ ጨለማ ድንኳን ውስጥ ይታጠባል። ሁሉም በደቂቃዎች ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ፎቶ አንሺው በሄደበት ሁሉ ድንኳኑ፣ ጠርሙሱና ውኃው ይከተሉታል።

ከዚያ ቀደም፣ እ.ኤ.አ. በ1859 ገደማ፣ ካሜራ ይዘው ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት ቀዳሚዎች አንዱ ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርን ነበር። የናፒየር ጦር ሊያስፈታቸው ከመጣ የዐፄ ቴዎድሮስ እስረኞች መካከልም ይኸው ስተርን ይገኝበታል። ዐፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሱት ፎቶ የለም፤ ዛሬ የምናውቀው መልካቸው የሠዓሊ እጅ ውጤት ነው። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን በዚያው በዘመቻው ዓመት እንግሊዝ አገር በዝነኛዋ ፎቶ አንሺ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ቆሟል።

ያን እርጥብ ሰሌዳ ከገበያ ያወጣው የተሻለ ካሜራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1871 እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ማዶክስ በጄላቲን የተቀባ ደረቅ ሰሌዳ አስተዋወቀ። ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካዎች ተዘጋጅቶ ያለቀ ሰሌዳ በሳጥን መሸጥ ጀመሩ። የእንጨቱ ሳጥንና ሌንሱ ያው ናቸው፤ የተለወጠው የሚጎርሱት ነው። ድንኳኑም ቀረ።

ከቦያጂያን እስከ ላይካ

በ1890ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ አዲስ አበባ የደረሰው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። ሙያው ከእሱ ወደ ልጆቹ ወደ ሃይጋዝና ወደ ቶርኮም ተላለፈ። ዛሬ የዚያን ዘመን ነገሥታትና መኳንንት መልክ የምናውቀው በአብዛኛው እንደ ቦያጂያን ባሉ የአርመን ቤተሰቦች እጅ ነው።

በዚያ ዘመን ፎቶ አንሺው ሦስት እግር ባለው ካሜራ ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ይቆማል። በሌንሱ የገባው ብርሃን ከኋላ ባለው ሸካራ ብርጭቆ ላይ ተገልብጦ ይታየዋል። በሌንሱና በብርጭቆው መካከል ምንም መስታወት የለም። «ሚረርለስ» የዛሬ ፈጠራ ለሚመስለው ሰው ይህ ይጠቅመዋል፤ አብዛኞቹ የቀድሞ ካሜራዎች መስታወት አልነበራቸውም። ከፊልም ይልቅ በኤሌክትሮኒክስ ቢሠራም፣ የዛሬው ካሜራ ያደረገው በሌንሱ በኩል በቀጥታ ወደሚታይበት መንገድ መመለስ ነው።

ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1888 ጥቅል ፊልም የሚጎርስ ትንሽ ካሜራ ለሕዝብ ሲያቀርብ ባለ ሦስት እግሩ ካሜራ ወዲያው አልጠፋም። ትልቁ ሰሌዳ የፊትን ዝርዝርና የካባን ጥልፍ አጉልቶ ያወጣል፤ ነጌቲቩንም በእርሳስ ማረም ይቻላል። ዳጎስ ያለ ምስል የሚፈልግ ደንበኛና ሰሌዳ የሚሸጥ ነጋዴ እስካሉ ድረስ አሮጌው ካሜራ ሥራ አላጣም።

የትንሹ ካሜራ ኃይል የታየው በጦርነት ዋዜማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 አልፍሬድ አይዘንስታት ኢትዮጵያ መጥቶ ለጣሊያን ወረራ የሚዘጋጀውን ሠራዊት ሲያነሳ፣ በዘመኑ የጋዜጠኛ ሁነኛ መሣሪያ የሆነው ላይካ ነበረው። በባዶ እግሩ የተኛው ኢትዮጵያዊ ወታደር ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ላይካም መስታወት አልነበረውም።

መስታወቱ ለምን ገባ?

የላይካ ድክመት ዓይን የሚያይበት መስኮት ከሌንሱ ጎን መሆኑ ነው። ራቅ ያለ ነገር በረጅም ሌንስ ወይም ትንሽ ነገር በቅርበት ሲነሳ፣ ዓይን ያየውና ፊልሙ የያዘው አይገጥሙም። መፍትሔው ከሌንሱ ጀርባ በ45 ዲግሪ ያዘነበለ መስታወት ማስገባት ሆነ። ብርሃኑ መስታወቱን መትቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በማዕዘናማ ብርጭቆ ተቃንቶ ዓይን ጋ ይደርሳል። ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ብድግ ብሎ መንገዱን ይለቃል። ያ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ አብዛኛው የመስታወቱ ነው።

ኤግዛክታ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ፔንታክስ በ1957፣ ኒኮን ኤፍ በ1959 ተከታትለው ገቡ። ይህ አሠራር ለግማሽ ምዕተ ዓመት ባለሙያ የሚባል ሰው ሁሉ መለያ ሆነ። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የዐፄ ኃይለ ሥላሴን ቤተ መንግሥት በፎቶ የመዘገበው ሽመልስ ደስታ የሠራው በዚሁ ዘመን ነው። እሱ ያነሳቸው ፎቶዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ለንደን ላይ ለእይታ ሲቀርቡ ዙፋኑ ከወደቀ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ አልፎ ነበር፤ ምስሎቹ ግን አልደበዘዙም።

የፊልም መጨረሻ

ዲጂታል ካሜራን የወለደው ራሱ ኮዳክ ነው። መሐንዲሱ ስቲቨን ሳሰን የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1975 ሠራ። ኩባንያው ግን ከፊልም ሽያጭ መላቀቅ አቅቶት በጥር 2012 የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ።

የኮዳክሮም ታሪክ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ይገልጠዋል። ኮዳክ ይህን ስመ ጥር የቀለም ፊልም ማምረት እ.ኤ.አ. በ2009 አቆመ። እሱን ማጠብ የሚችለው በዓለም ላይ የቀረው አንድ ቤት ነበር፤ በአሜሪካ ካንሳስ የሚገኘው ያ ላብራቶሪም በ2010 መጨረሻ ፊልም መቀበሉን አቋረጠ። ከዚያ በኋላ ጓዳ ውስጥ የተረሳ ኮዳክሮም ያለው ሰው ካሜራው ደህና፣ ፊልሙም ደህና ነው፤ በትክክለኛው ቀለም የሚያጥብለት ግን የለም።

በአዲስ አበባም እንዲሁ ሆነ። የቀለም ፊልም አጣጣብ ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ኬሚካል፣ የማይቋረጥ መብራትና በየቀኑ በቂ ደንበኛ ይፈልጋል። ደንበኛው ሲሳሳ ኬሚካሉ ሳይሠራበት ይበላሻል፤ ማሽኑን ማብራትም ኪሣራ ይሆናል። የቤተሰብ ካሜራዎች ቁም ሣጥን ውስጥ የገቡት ተበላሽተው ሳይሆን ማጠቢያው ስለተዘጋ ነው።

ፊልም ፈጽሞ ጠፋ ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተሸለመው «ድፍረት» የተሰኘ የአማርኛ ሲኒማ የተቀረጸው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው፤ ያኔ አብዛኛው የአማርኛ ፊልም በዲጂታል ይሠራ ነበር። በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» መጽሐፍም ከየቤቱ አልበም የተሰበሰቡ የፊልም ዘመን ፎቶዎችን ይዞ ወጥቷል። ካሜራዎቹ ዝም ካሉ በኋላ ሥራቸው ገና ይናገራል።

መስታወቱ ሲወጣ

ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2008 መስታወት የሌለውን ሉሚክስ ጂ1 ሲያወጣ ብዙ ባለሙያዎች እንደ መጫወቻ ቆጠሩት። ሶኒ በ2013 ባለ ሙሉ መጠን ዳሳሽ (ሴንሰር) ኤ7ን አቀረበ። ካኖንና ኒኮን ተመሳሳይ መጠን ይዘው ዘግይተው በ2018 ተከተሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ2020 መጀመሪያ ካኖን 1ዲኤክስ ማርክ 3ን፣ ኒኮን ደግሞ ዲ6ን አስተዋወቁ፤ ሁለቱም በዘርፋቸው ተተኪ ዲኤስኤልአር አላገኙም። በዚያው ዓመት አሶሲየትድ ፕሬስ ለፎቶ ጋዜጠኞቹ የሶኒ ሚረርለስ እንደሚያስታጥቅ አስታወቀ፤ በዓለም ገበያም የሚረርለስ ጭነት ዲኤስኤልአርን በለጠ። ከትልልቆቹ ውጪ ፔንታክስ ብቻ ከመስታወቱ ጋር ቀረ።

ከሁሉም በላይ ገበያውን ያናወጠው ግን ስልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓለም ላይ 121 ሚሊዮን ያህል ዲጂታል ካሜራዎች ተጭነው ነበር፤ በ2020 ቁጥሩ ከ9 ሚሊዮን በታች ወረደ። ሚረርለስ የነገሠው በተራቆተ ገበያ ላይ ነው።

ሒሳቡ ጎሮ ላይ

በከተማችን ለሠርግ ፎቶ አንሺ ሚረርለስ የሚሰጠው ጥቅም የታወቀ ነው። የዲኤስኤልአር ብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ሙሽሪትና ሚዜዎች ነጭ የሐበሻ ልብስ ለብሰው ሲቆሙ ይታለላል፤ ምስሉን ያጨልመዋል፤ ጠይም ፊት ደግሞ ጭራሽ ይጠቁራል። በሚረርለስ መስኮት የሚታየው ዳሳሹ የያዘው ምስል ስለሆነ ስህተቱ ቁልፉ ሳይጫን ይስተካከላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተክሊል ሲፈጸም ያለ ድምፅ ማንሳት መቻሉም ቀላል ነገር አይደለም።

ጉዳቱም ከዚሁ አገር ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። የመጀመሪያው ሶኒ ኤ7 በአንድ ባትሪ 340 ያህል ፎቶ ሲያነሳ ዲኤስኤልአሩ ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ወደ 950 ይደርስ ነበር፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ድምፅ አልባው አነሳስ በኤልኢዲ በደመቀ አዳራሽ ምስሉ ላይ መስመር ሊጥል ይችላል። ግንባታ በማያባራበት ሰፈር ሌንስ ሲቀየርም ብዙዎቹ ሚረርለሶች ዳሳሻቸው ለአቧራ ይጋለጣል፤ ዲኤስኤልአር ግን ዳሳሹን በመዝጊያውና በመስታወቱ ይሸፍናል።

በዚህ ላይ ዋጋው ይጨመራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ ካሜራም አብሮ ናረ። አንድ ወጣት ፎቶ ቤት ልክፈት ቢል፣ ያገለገለ ዲኤስኤልአር ከነሌንሱ መግዛት ከጥበብ የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

ታዲያ ያ ካሜራ እስከ መቼ ይኖራል? የ5ዲ ማርክ 3 መዝጊያ 150 ሺህ ጊዜ እንዲሠራ ተፈትኗል። በአንድ ሠርግ 2 ሺህ ጊዜ ቢጫን 75 ሠርግ ማለት ነው፤ ከዚያም በላይ ሊዘልቅ ይችላል። ባትሪው ከብዙዎቹ የካኖን ሚረርለሶች ባትሪ ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ ገና አይጠፋም። ሌንሱማ ከካሜራው በላይ ዕድሜ አለው። በካኖን ዲኤስኤልአር ከሌንስ መግጠሚያው እስከ ዳሳሹ 44 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በሚረርለሱ 20 ብቻ ነው። በመካከል የተረፈው ክፍተት ለማገናኛ ቀለበት ቦታ ስለሚሰጥ አሮጌው ሌንስ በአዲሱ ካሜራ ላይ ይሠራል። አዲሱ የአሮጌውን ግማሽ አካል በሕይወት እያኖረው ነው።

ለጎሮ ፎቶ ቤት የከፋው ስጋት ያለው ሌላ ቦታ ነው። የትንሽ ፎቶ ቤት የየዕለት ገቢ ጉርድ ፎቶ ነበር። ዛሬ የፋይዳ መታወቂያ ተመዝጋቢ ከአሻራውና ከዓይኑ ጋር ፎቶውን የሚሰጠው በምዝገባ ጣቢያው ነው፤ ለፓስፖርትም ምስሉ የሚነሳው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ነው። ይህ ገቢ ሲነጥፍ ባለቤቱ የያዘው ካሜራ መስታወት ኖረው አልኖረው ለውጥ አያመጣም።

ስለዚህ ክርክሩን ለሁለት ከፍሎ መመለስ ይሻላል። ዲኤስኤልአር በትልልቆቹ ፋብሪካዎች ዘንድ አልቆለታል፤ ያ ፍርድ የሚቀለበስ አይመስልም። በአዲስ አበባ ግን የሚሞተው መዝጊያና ሰርክዩት የሚቀይርለት ጠጋኝ መለዋወጫ ያጣ ቀን ነው። አምራቾች ለተቋረጠ ሞዴል መለዋወጫ የሚያቀርቡት ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጠጋኙ አንዱን ካሜራ አርዶ ሌላውን ያድናል። ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ሰው ከሜጋፒክሰሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ መዝጊያው ስንት ጊዜ ሠርቷል? ባትሪው ገበያ ላይ አለ? ይህን ሞዴል የሚጠግን ሰው በከተማው ይገኛል? ሦስቱም መልስ ካገኙ፣ የቶኪዮ አምራቾች ምንም ቢሉ ያ ካሜራ ገና ሠርግ ያነሳል።