ኤቨንና ዓባይ

የፍል ውሃ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው ከእንጦጦ ግርጌ በሚፈልቀው ፍል ውሃ ዙሪያ ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በኤቨን ወንዝ ዳር ያለችው ባዝም እንዲሁ የፍል ውሃ ልጅ ናት። ሮማውያን ከ1900 ዓመት በፊት መታጠቢያና ቤተ መቅደስ ሠሩባት። ውሃው እስከ ዛሬ 46 ዲግሪ ያህል እየሞቀ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይፈልቃል። በ1980 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች፤ በ2013 ደግሞ ከሌሎች 10 የአውሮፓ የፍል ውሃ ከተሞች ጋር እንደገና። ጎብኚው በኤቨን ላይ በጀልባ ይንሸራሸራል፣ የሮማውያኑን መታጠቢያ ያያል፤ የፈለገ ደግሞ ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት ያያል።

ይኸ ቤት የኛም ታሪክ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ከአዲስ አበባ ወጥተው፣ ሰኔ 23 በጄኔቫ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ካሉ በኋላ የተጠለሉት እዚያ ነው። እቴጌ መነን፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ፣ የስደቱን ኑሮ ተካፍለዋል። ንጉሠ ነገሥቱ የሕይወት ታሪካቸውን የመጀመሪያ ክፍል ያዘጋጁት በዚሁ ከተማ ነው።

ፍል ውሃ ግን የስደትን ሕመም አያድንም። ገንዘብ አጠረ። ንጉሠ ነገሥቱ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለውን የቴሌግራም ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት የሚገባውን ገንዘብ ክፈል ብለው ከሰሱና መጀመሪያ ረቱ። በ1931 የእንግሊዝ መንግሥት ለጣሊያን ድል እውቅና ሰጠ፤ በይግባኝ ክርክሩ ተሸነፉ። እንግዲህ አስጠጊው መንግሥት ራሱ ነው እንግዳውን አገር አልባ ያደረገው!

ለመሆኑ በነዚያ ዓመታት እዚህ እኛ ዘንድ ምን ይሠራ ነበር? ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ ቁልቁል ሲወረድ ዓባይ አለ። እዚያ የመንሸራሸሪያ ጀልባ የለም፤ ገደልና በረሃ እንጂ። በወሎ ቦረና ምድር የተወለደው በላይ ዘለቀ ያንን በረሃ ምሽግ አድርጎ፣ በቢቸናና በዓባይ ወዲህና ወዲያ አርበኞችን እየመራ ከጠላት ጋር ተናነቀ። ስንቁን የተሸከመለትና ወሬ ያቀበለው ባላገሩ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ገቡ። በላይም ደጃዝማች ተባለ። ከዚያስ? ተከሰሰ፣ ሞት ተፈረደበት፣ ፍርዱ ወደ እድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት፤ ከእስር አምልጦ ተያዘና በጥር ወር 1937 ተሰቀለ። ፌርፊልድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ለአረጋውያን መጦሪያ ይሁን ተብሎ ለባዝ ከተማ በስጦታ ተሰጠ። ለባዝ ሽማግሌዎች ቤት፣ ለዓባይ አርበኛ ገመድ።

ስደቱ ከንቱ ነበር አንልም። የጄኔቫው ንግግር የኢትዮጵያን ስም በዓለም ፊት አቁሟል፤ ይህን መካድ ታሪክን መካድ ነው። የምንለው፣ የኤቨን ታሪክ በመጽሐፍና በቤት ተጠብቆ ሲኖር የዓባዩ ግን ገና በሰው አፍ ላይ ነው። የሚያውቁት ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱም እያለፉ ነው። ስለዚህ ለክረምት ወደ ቦረናና ወደ ሳይንት ስንወጣ፣ ደብተርና እርሳስ ይዘን አያቶቻችን እግር ሥር እንቀመጥ። ያላጻፍነውን ታሪክ ማን ይጠብቅልናል?